ጭቃው ሲደርስ

ለተረከዝ በዳንሱ ውስጥ የተሰጣት ድርሻ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱንም ከሰዓቱ ቀድማ ተናገረችው። ነገሩ ከሥሩ ካልተነገረ ግን ያለ ጥፋቷ ይፈረድባታል፤ ስለዚህ ከሥሩ ይጀመር።

ተረከዝ የሸክላ ጡብ በሚመረትበት ግቢ ጭቃ ረጋጭ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ረግጣለች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ጭቃ መድረሱን የምታውቀው በዓይኗም በእጇም ሳይሆን በተረከዟ ነውና። ከግቢው ጀርባ የተቆፈረው ቀይ አፈር ሰፊ ገንዳ ውስጥ ይገለበጣል፤ ውሃና ጭድ ይጨመርበታል፤ ከዚያ ስምንት ረጋጮች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው እየዞሩ ይረግጡታል። እሷ መሐል ቆማ ትረግጣለች። አፈሩ መጀመሪያ እግርን ይገፋል፤ ቀጥሎ እግርን አንቆ ይይዛል፤ በመጨረሻ ይለቃል። በለቀቀበት ቅጽበት ተረከዝ «በቃ» ትላለች።

በቃ ከተባለ አንዲት እርምጃ አትጨመርም። የደረሰ ጭቃ እንደገና ከተረገጠ ውሃውን ይተፋል፣ ቅርጽ አልይዝ ይላል፣ እንደ ምንም ቢይዝ እንኳን እቶን ውስጥ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሁሉም ከገንዳው ዘሎ ይወጣና ጡብ የሚቀረጽበትን የእንጨት ሳጥን ያነሳል። ካቦው ነገረኛ ሰው ነው፤ የግቢውን ባለቤት ሳይቀር ይገላምጣል። ከተረከዝ «በቃ» በኋላ ግን እሱም ትንፍሽ አይልም።

የእህቷን ልጅ ያሳደገቻት በዚሁ ሥራ ነው። እህቷ ስትሞት ልጅቷ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። ተረከዝ አላገባች፣ አልወለደች፤ እናትነቱን በአክስትነቷ ላይ ደርባ ኖረች። ልጅቷ ቀልጣፋ፣ ትምህርቷ ጥሩ፣ እግሯ አንድ ቦታ የማይረጋ ነበረች። አንድ ቀን የትምህርት ቤት አስተማሪዋ ገበሩ የተተረተረ ካፖርት በክንዷ ይዛ በር አንኳኳች። «ልብስ ሰፊ መሆንዎን ልጅዎ ነግራኝ ነው፤ ይህቺን ቢጠግኑልኝ» አለች። ተረከዝ እግሯ ላይ የደረቀውን ጭቃ በቀሚሷ ሸፈነችና ካፖርቱን ተቀበለች። ማታውኑ ሁለት መንገድ ተሻግራ ለእውነተኛው ልብስ ሰፊ ወሰደችው። በሦስተኛው ቀን አስተማሪዋ መጥታ ስፌቱን አገላብጣ አየችና «እጅዎ ይባረክ» ብላ ሄደች።

ለልጅቷ አንድም ነገር አልነገረቻትም። ልጅ ናት፣ ጓደኞቿ ፊት ማፈሯ አይገርምም ብላ ነገሩን ዋጠችው። ከፍቷት ነበር፤ እውነቱ ይህ ነው። ዓመታት አልፈውም ያ የዋጠችው ነገር ጉሮሮዋ ላይ እንደቆመ ነው፣ አልወረደላትም።

ልጅቷ አድጋ ዳንሰኛ ሆነች። ለሠርግ የሚጨፈረው ዓይነት አይደለም፤ ዘፈን አልባ፣ አንዳንዴም ሙዚቃ አልባ፣ ሰው መሬት ላይ ተንከባልሎ የሚነሳበት፣ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ የሚፈስበት ዓይነት ነው። ተረከዝ አንድ ጊዜ በስልክ ቪዲዮ አይታው «ይህቺ ልጅ ምኗን ነው ያመማት?» ብላ ጠይቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ አስተያየት መስጠት ትታለች፤ ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።

ታዲያ ከስድስት ሳምንት በፊት ልጅቷ ስድስት ዳንሰኞች አስከትላ ግቢው በር ላይ ቆመች።

«አክስቴ፣ ስትረግጡ ማየት እንፈልጋለን።»

«ለምን?»

«ዳንስ ልሠራበት ነው።»

«ጭቃ ላይ?»

«ከጭቃው ጋር። እኛ የምንለማመደው በተወለወለ ወለል ላይ ነው። ወለል ብትረግጪው ዝም ነው። እናንተ ስትረግጡ ግን መሬቱ ይመልስላችኋል፤ አንዳችሁ ሲደክማችሁ ሌላው በትከሻው ይይዛችኋል። ዕድሜዬን ሙሉ ዓይኔ ሥር ሆኖ አላየሁትም።»

የተረከዝ ልብ ቅቤ ጠጣ። ፊቷ ላይ ግን ምንም አላሳየችም፤ ሙያ በልብ ነው። «ጫማሽን አውልቂና ግቢ» አለቻት።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ግቢ ግቢ መሆኑ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ሰባቱ ዳንሰኞች ከስምንቱ ረጋጮች ጋር ገንዳ ይወርዳሉ። በመጀመሪያው ቀን ተረከዝ «ሸምበቆ» ብላ ስም ያወጣችለት ረጅሙ ዳንሰኛ ሦስት እርምጃ ሳይረግጥ በግንባሩ ተደፋ፤ ረጋጮቹ እስኪያነሱት ድረስ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በሁለተኛው ቀን ተራው የረጋጮቹ ሆነ። ልጅቷ ከሁሉም ሸምገል ያለውን፣ የሰባት ልጆች አባት የሆነውን ረጋጭ «አባባ፣ አሁን ደግሞ ሆን ብለው ይውደቁ» አለችው።

«የኔ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ላለመውደቅ ስለፋ ኖሬ ዛሬ ውደቅ ትይኛለሽ?»

«እኔ እይዝዎታለሁ።»

ሰውየው ግራ ቀኝ አየ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ወደቀ። ከመሬቱ አንድ ክንድ ሲቀረው አራት ዳንሰኞች ተቀበሉት። ተነስቶ ጢሙ ላይ ያለውን ጭቃ ጠረገና «ድገሙኝ» አለ። ከዚያ በኋላ መውደቅ የሚከለክለው ጠፋ። ሚስቱ ማታ ማታ አልጋው ላይ ሳይቀር ይወድቃል ብላ ለካቦው አቤት ብላለች።

ተረከዝም ብትሆን ከእነሱ አልተሻለችም። ሃያ ስድስት ዓመት የደከመው እግሯ አሁን ሌሊት በብርድ ልብስ ሥር ብቻውን ይረግጣል። ጠዋት ዶሮ ሳይጮኽ ትነሳለች። መንገድ ላይ ስትሄድ አስፋልቱን፣ የእግረኛውን ንጣፍ፣ የጎረቤቷን ደጃፍ ሁሉ በተረከዟ ትፈትሻለች። የሰፈሩ ሰው በግቢው አጥር ላይ እየተንጠላጠለ ያያቸዋል፤ አንዳንዱም «ያቺ ሁለተኛዋ ዛሬ ዘግይታለች» እያለ ነገር ያርማል። ደስታ ነበር፣ የሚያሰክር ደስታ።

ዳንሱ አርባ ደቂቃ ነው። የድምፅ ባለሙያው በትልቅ ስፒከር የሚያሰማው ሙዚቃ አለ፤ ከሙዚቃው ጋር የእያንዳንዱ እርምጃ ቁጥር አለ። ለተረከዝ የተሰጣት ድርሻ መሐል ቆማ መርገጥና ሙዚቃው ሲቆም «በቃ» ማለት ነው።

«አንድ ቃል ብቻ ናት፣ አክስቴ። ሙዚቃው ሲቆም።»

«እሷን ቃልማ ሃያ ስድስት ዓመት አጥንቻታለሁ።»

በልምምዱ ሁሉ አንድ ቀን እንኳን አልሳተችም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጠዋት አፈሩ ቀዝቃዛና ጓል የበዛበት ስለሆነ በአርባ ደቂቃ አይደርስም። ሙዚቃው ሲቆም «በቃ» ትላለች፤ ዳንሰኞቹ ለመታጠብ ወደ ቧንቧው ይሮጣሉ። ረጋጮቹ ግን ሌላ ግማሽ ሰዓት ረግጠው ጭቃውን ያደርሱትና ያኔ ሁለተኛውን፣ የእውነቱን «በቃ» ይሰማሉ። ልጅቷ ሁለተኛውን አንድም ቀን ቆማ አልሰማችውም።

ዳንሱ ሊታይ ሁለት ቀን ሲቀረው ለተመልካች የሚታደለው ወረቀት ታትሞ መጣ። ከትልቅ ቴአትር ቤት የምትመጣ ኃላፊ አለች፤ በዓመት አንድ ሥራ መርጣ በየከተማው ታዞራለች። ከወደደችው ልጅቷና ጓደኞቿ ዓመቱን ሙሉ ዳንሰኛ ሆነው ይኖራሉ፤ ካልወደደችው ልጅቷ ለእንጀራዋ ወደምትሠራበት ስፖርት ማዘውተሪያ ተመልሳ ወፍራም ሰዎችን ታዘልላለች። ወረቀቱ ላይ የሁሉም ድርሻ ተዘርዝሯል። ከተረከዝ ስም ፊት ለፊት «የእንቅስቃሴ አማካሪ» ይላል።

ሦስት ጊዜ አነበበችው።

«ጥሩ አይደል?» አለች ልጅቷ፣ ፊቷ በደስታ በርቶ።

«ጥሩ ነው። ትልቅ ሥራ ይመስላል።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። ልብስ ሰፊ ተብላ ነበር፣ አሁን ደግሞ አማካሪ ተባለች፤ ሹመት ነው ከተባለ ሹመት ነው። ያን ቀን ለራሷ ቃል ገባች፦ ምንም ብትሆን፣ እንኳን ለማፈር የሚያበቃ ነገር፣ ለመሽኮርመም የሚያበቃ ነገር እንኳን በእሷ በኩል ልጅቷ ላይ አይደርስም። ሙዚቃው ሲቆም ቃሏን ትናገራለች፣ አለቀ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ተረከዝ ያልጠረጠረችው የካቦውን ደግነት ነው። ያ ነገረኛ ሰው ለካ እሱንም ዳንሱ ገብቶት ኖሯል። «እንግዳ መጥቶ ጓል እያየ ይሄዳል እንዴ?» ብሎ አርብ ማታ አፈሩን በወንፊት ነፍቶ፣ ውሃ ጠግቦ እንዲያድር በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖት ሄደ። ለማንም አልተናገረም፤ ሊያስደስታቸው ነው የፈለገው። በዚያ ላይ ትርዒቱ የሚታየው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ ገንዳውን ስታሞቅ ውላለች።

ግቢው ሞላ። ሰፈርተኛው በአጥር፣ እንግዶቹ በአግዳሚ ወንበር፣ የቴአትር ቤቷ ኃላፊ በነጭ ጫማ ከፊት ተቀመጡ። ሙዚቃው ጀመረ። ሰባቱና ስምንቱ ተያይዘው ገንዳ ሲወርዱ የእግራቸው ድምፅ አንድ ሆነ። ተረከዝ መሐል ቆማ በዙሪያዋ የሚዞረውን የሰው ቀለበት ስታይ ዕንባዋ መጣ። ሸምበቆ እንደ ስሙ እየተለመጠ አየር ላይ ይወጣል፣ ሽማግሌው ይወድቃል፣ ይያዛል፣ ልጅቷ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ትሻገራለች። ከአጥሩ በኩል ሰው ትንፋሹን ሲውጥ ይሰማል። እንዲህ አምሮ አንድ ቀን እንኳን አልሠሩትም ነበር።

ሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ጭቃው እግሯን ለቀቀ።

መጀመሪያ አላመነችም። ሌላ እርምጃ ረገጠች፤ እንደገና ለቀቃት፣ ልስልስ ብሎ፣ ሳይጠባ። ደርሷል። ሙዚቃው ገና መሐሉ ላይ ነው። ተረከዝ ጥርሷን ነከሰች። ልጅቷን አሰበች፣ ነጩን ጫማ አየች፣ ምላሷን በጥርሷ ያዘች። ሦስተኛ እርምጃ፣ አራተኛ። ከጣቶቿ መሐል ውሃ ብቅ ማለት ጀመረ። ስምንቱ ረጋጮችም በእግራቸው ሰምተዋል፤ እየዞሩ ዓይን ዓይኗን ያያሉ። ሽማግሌው በቅንድቡ «ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት። ያን ያህል አፈር፣ ያን ያህል ሰው የደከመበት ጭቃ እግሯ ሥር ሊበላሽ ነው። አምስተኛውን እርምጃ ልትረግጥ ተረከዟን አነሳች፤ ማሳረፍ ግን አልቻለችም።

«በቃ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ስምንቱ ረጋጮች እንደ አንድ ሰው ዘለው ከገንዳው ወጡ፤ ማን ያስባቸዋል፣ እግራቸው ነው የወጣው። ሰባቱ ዳንሰኞች ገንዳው ውስጥ ቀሩ። ሸምበቆ አንድ እግሩን ሰቅሎ የሚደገፍበትን ትከሻ ሲፈልግ በጎኑ ተንሸራተተ። ሙዚቃው ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

ልጅቷ ጭቃውን እየቀዘፈች መጣች። ፊቷ ነጥቷል።

«አክስቴ፣ ምን አደረግሽኝ?» አለች በሹክሹክታ። «አሥራ ሰባት ደቂቃ ይቀራል።»

«ደርሷል።»

«ሙዚቃው አልቆመም!»

«እሱን አላውቅም። ጭቃው ደርሷል።»

«ሰዎቹ እያዩን ነው። ጥሪያቸው። ይመለሱ።»

ሰው ሲያፍር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይላል፤ ተረከዝ እስከ ባቷ ድረስ ተውጣ ነበር፣ የቀረውንም በጨረሰችልኝ ብላ ተመኘች። ልጅቷን አሳፍራታለች። በሰው ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ረጋጮቹን መጥራት ትችላለች፤ እሷ ከጠራቻቸው ይመለሳሉ። አፏንም ከፍታ ነበር። ግን ተረከዟ ሥር ያለው ነገር እውነት ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ዋሽቷት አያውቅም።

«ልጄ» አለች፣ ድምፁ የራሷ አልመስል እስኪላት ዝቅ ብሎ፣ «አልጠራቸውም። ቁጥርሽን ተይና እግርሽን ጠይቂው።»

ልጅቷ ዓይኗ ዕንባ ሞልቶ በንዴት አንዴ ረገጠች። ቆመች። ቀስ ብላ ሌላኛውን እግሯን አሳረፈች፤ ተረከዟን፣ ከዚያ ክብደቷን ሁሉ። ስድስት ሳምንት ስትገፋው፣ ስድስት ሳምንት ሲይዛት የኖረው ጭቃ እንደ እርጎ ከፈት ብሎ ተቀበላትና ለቀቃት። አንድ ጊዜ ደገመችው። ፊቷ ላይ የነበረው ንዴት ወዴት እንደሄደ አልታወቀም፤ አፏን ከፍታ አክስቷን አየቻት።

«ይሄ ነው እንዴ?»

«ይሄ ነው።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሰማሽ?»

«ሁልጊዜ።»

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ ከሆዷ ወጣ። ዞር ብላ ለድምፅ ባለሙያው እጇን ዘረጋች፤ ሙዚቃው ተቆረጠ። ግቢው ጸጥ ሲል የረጋጮቹ ሳጥኖች መሬት ሲመቱ ተሰማ፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። እነሱማ ሥራ ላይ ናቸው፤ የደረሰ ጭቃ እንግዳ መጣ ብሎ አይጠብቅም። ልጅቷ ከገንዳው ዘላ ወጣች፣ ሳጥን አነሳች፣ ጓደኞቿም ተከተሏት።

ከዚያ የሆነውን ማንም ቁጥር አልሰጠውም። አንዱ ጭቃውን በክንዱ አቅፎ ይወረውራል፣ ሌላው አየር ላይ ተቀብሎ ሳጥኑን ይሞላል፣ አንዷ በመዳፏ ታስተካክላለች፣ ሌላዋ ገልብጣ ወደ ማድረቂያው ሜዳ ትሮጣለች። ዳንሰኞቹ መቅረጽ አያውቁበትም፣ ግን መቀበል ያውቃሉ፣ ጎንበስ ቀና ማለት ያውቃሉ፤ ረጋጮቹ ደግሞ ስድስት ሳምንት መውደቅና መያዝ ተምረዋል። ሽማግሌው ጡብ ይዞ ሲንሸራተት ሸምበቆ ከነጡቡ ተቀበለው፤ አጥር ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጮኸ። ጩኸቱ ሳያበቃ አጥሩ ላይ የነበሩት ግቢው ውስጥ ነበሩ። ማን እንደጠራቸው አይታወቅም። ከሜዳው እስከ ገንዳው የሰው ሰንሰለት ተሠራ፤ ጡቡ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ የሳጥኑ ምት የሁሉንም እግር ያስረግጣል። የቴአትር ቤቷ ኃላፊ ነጭ ጫማዋን አውልቃ በሰልፉ መሐል ቆማ ነበር። ካቦው እንባውን በጭቃማ እጁ ጠርጎ ፊቱን አበላሸው፣ ማንንም ግን አልተቆጣም። ተረከዝ መሐል ለመሐል እየሮጠች «ቀጭን አታድርጊው፣ ጥግ ጥጉን ሙላው» ትላለች፤ ልቧ ከሳጥኖቹ ይልቅ ይመታል።

ገንዳው ባዶ ሲሆን ጡቡ ሜዳውን ሞልቶ ነበር። ሰዉ እያለከለከ እርስ በርሱ ይሳሳቃል። ኃላፊዋ እስከ ክርኗ ጭቃ ለብሳ፣ የተጨማደደ ወረቀቷን ይዛ ወደ ልጅቷ መጣች።

«ያቺን ማቆሚያ ማን ነው የፈጠራት? እዚያ ጋ እንደዚያ ይቆማል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።»

ተረከዝ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ልጅቷ እኔ ነኝ ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ ተረከዝም ደስ እያላት ትሸፍንላት ነበር፣ መሸፈን ለምዳለች።

«አክስቴ ናት» አለች ልጅቷ።

ኃላፊዋ ወረቀቱን አየች። «እ… የእንቅስቃሴ አማካሪዋ?»

«ወረቀቱ ተሳስቷል፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» ልጅቷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ጭቃ ረጋጭ ናት። እኔን ያሳደገችኝ ጭቃ ረግጣ ነው። መድረሱን በተረከዟ ታውቃለች፣ እኔ ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

ተረከዝ የሽማግሌውን ክንድ ያዘች። ያን ሁሉ ዓመት ጉሮሮዋ ላይ የቆመው ነገር ወረደ። አለቀሰች፣ አልተደበቀችም።

ኃላፊዋ የተጨማደደውን ወረቀቷን አቃናች። «እንወስደዋለን» አለች። «የመጀመሪያው የእኔው ከተማ ይሆናል። ግን ፕሮግራም ላይ መጻፍ አለብኝ፤ ስንት ደቂቃ ነው የሚፈጀው?»

ልጅቷ ወደ አክስቷ ዞረች፣ ሌላውም ሰው ሁሉ ዞረ። ተረከዝ በክንዷ ዕንባዋን ጠረገች።

«እንደ አፈሩ ነው። የእናንተ አፈር ምን ዓይነት ነው?»

ኃላፊዋ ወደ ባዶ እግሯ አየች።

«አርባ ዓመት ኖሬበታለሁ» አለች። «አላውቀውም።»

«ግድ የለም» አለች ተረከዝ። «መጥቼ ስረግጠው እነግርዎታለሁ።»